ከጎሉ ሥር

እሑድ ማለዳ፣ ከሱብሂ ሶላት እንደተመለሰ፣ ቲጃኒ የልጁን የስፖርት ጫማ ከደጃፉ አንስቶ የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ቆለፈበት። ሚስቱ ፈድሊያ ጓዳው በር ላይ ቆማ ታየው ነበር። ያንን ጫማ ባለፈው ወር ሄርማታ ገበያ ወርዶ በሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር የገዛው እሱ ራሱ ነው፤ ሻጩ ከሦስት ሺህ አልወርድም ብሎት ሁለቴ እየሄደ ሁለቴ እየተመለሰ ነበር የተከራከረው። ቤት ይዞት ሲገባ ሩፈይዳ አድርጋው ሳሎኑን እየዞረች ስትዘል፣ የሃያ ዓመት ልጅ መሆኗን ረስቶ እንደ ሕፃን አይቷት ስቆ ነበር። ዛሬ ያንኑ ጫማ እንደ ተሰረቀ ዕቃ ሲደብቀው ሚስቱ ምን እንዳሰበች ከፊቷ አነበበው። መስጊድ ላይ አንድ ሰው ስለ ሴት ልጅና ስለ ሩጫ የሆነ ነገር ብሎታል ብላ ነው። እንደዚያ ብታስብለት ይሻለው ነበር። ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ሬዲዮውን ከፈተና ዜናውን ሳይሰማ ጆሮውን ወደ ልጁ ክፍል ጣለ።

ነገሩ ሌላ ነበር። ትናንት ከሰዓት፣ ከብየዳ ቤቱ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ሳለ፣ አሰንዳቦ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ለጓደኛው ሲያወራ ሰማ። አሰንዳቦ ውስጥ አንድ ሜዳ ላይ የብረት ጎል ተገልብጦ አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ላይ ወድቋል። አግዳሚውን ይዛ ስትወዛወዝ ነው። ዳሌዋና ጭኗ ተሰብሮ፣ ሐሙስ ዕለት በሱ መኪና፣ የኋላውን ወንበር ነቅለው ፍራሽ ላይ አጋድመው ጅማ ሆስፒታል አደረሷት። ልጅቷ መንገዱን ሙሉ ድምፅ እንዳላሰማች ሾፌሩ ደጋግሞ አወራ፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር አለ። ጓደኛው ብረቱን ማን ሠራው ብሎ ጠየቀው።

«ጅማ ነው የተሠራው ይላሉ» አለ ሾፌሩ፤ «ሰውየውን እየፈለጉት ነው።»

ቲጃኒ ሻዩን ሳይጨርስ ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

ጎሉን የሠራው እሱ ነው። የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ሥራውን ሲሰጡት፣ ሜዳው ለስብሰባም ለበዓልም ስለሚያገለግል ጎሉ መሬት ውስጥ እንዳይቀበር፣ ሲፈለግ የሚነሳ እንዲሆን አዘዙት። ያሳዩት ሥዕል ላይ ወደ ኋላ የሚዘረጋው እግር ሜትር ተኩል ይላል። እሱ ግን ቱቦላሬ የሚሉት ቱቦ ብረት በተወደደበት በዚያ ሰሞን ሰማንያ ሳንቲም አድርጎ ቆረጠው። ፊቱ ከባድ፣ ኋላው አጭርና ቀላል የሆነ ብረት ሆነ ማለት ነው፤ ሰው ካልነካው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሰው የተንጠለጠለበት ዕለት ግን ወደ ፊት ይመጣል። ሲያስረክብ እግሩን በፌሮ ከመሬት ጋር ቸንክሩት፣ ቢያንስ አሸዋ የሞላ ጆንያ ጫኑበት ብሏቸው ነበር። እሺ አሉት። አልቸነከሩም፤ እሱም ተመልሶ አላየም። እዚሁ ቦሳ ኪቶ፣ ከቤቱ ሦስት መቶ እርምጃ በማይርቀው ሜዳ ላይ የቆመው ጎል የዚያው መንትያ ነው። ዛሬ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ደግሞ እዚያ ሜዳ ላይ የሰፈሩ ማስ ስፖርት አለ።

የሰፈሩን ሴቶች የጠራቻቸው ሩፈይዳ ናት። ነርስነት ትማራለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከክፍል እንደወጣች ከሄርማታ እስከ ቦሳ ኪቶ ቤት ለቤት እየዞረች፣ ስኳር ያለባትን፣ ደም ግፊት ያለባትን፣ ጉልበቷን የሚያማትን፣ ምንም የማያማትንም ጭምር እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ ስጡኝ እያለች ለምናለች። ሄርማታ ቅመም የምትሸጠውን ለጢፋን ለማሳመን አራት ጊዜ ተመላልሳለች። የስልሳ ዓመቷ ለጢፋ በመጀመሪያው ቀን በዚህ ዕድሜዬ ሜዳ ወጥቼ መሳቂያ ልሁን ወይ ብላ መልሳት ነበር፤ በአራተኛው ቀን ግን ምን ለብሼ ልምጣ ብላ ጠየቀቻት። ያን ዕለት ሩፈይዳ ራቷን ረስታ ይህንኑ ስታወራ አመሸች። አርባ ሦስት ሴቶች ተመዘገቡ፤ አርባ አራተኛዋ ፈድሊያ ናት። ቲጃኒ ልጁን አትሂጂ ቢላት ለምን ትለዋለች፤ ጎሉ ይወድቃል ቢላት በምን አወቅህ ትለዋለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሊያስበው አልደፈረም። ጫማ መቆለፍ ቀለለው።

ሩፈይዳ ደጃፉን አየች፣ አልጋ ሥር ፈለገች፣ ከዚያ መጥታ እናቷን ጠየቀቻት። ፈድሊያ መልስ ሳትሰጥ ባሏን አየችው። ልጅቷም የእናቷን ዓይን ተከትላ አባቷን አየችው። እሱ የሬዲዮውን ጣቢያ ይለዋውጣል። አንድ ቃል ብትጠይቀው ምናልባት ሁሉንም ያወጣው ነበር። አልጠየቀችም። ከልክሏት ስለማያውቅ እንዴት እንደሚጠየቅ አታውቅም። የእናቷን ኮንጎ ጫማ አደረገች፣ ሒጃቧን በመርፌ ቁልፍ አጥብቃ ያዘችና ወጣች። ትንሽ ቆይታ ፈድሊያም ረጅም ሹራቧን ደርባ፣ የውሃ ጠርሙስ ይዛ ተነሳች። በሩ ላይ ቆም ብላ ጠበቀችው። እሱ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገ። ሄደች።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ ጠዋቱ ነፋስ ይዞ መጣ። የጎረቤት ጣሪያ ላይ አንድ ያልተመታ ቆርቆሮ ከፍ ዝቅ እያለ ይንኳኳል፤ በተንኳኳ ቁጥር ቲጃኒ ቀና ይላል። ከሜዳው የሞንታርቦው ድምፅ ማጉያ ተከፈተና ቤቱን አነቃነቀው። በዘፈኑ መሃል የልጁን ድምፅ በማይክ ሰማ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትላለች፣ ሴቶቹ ይስቃሉ። የፈሩት ይደርሳል የሚለው የእናቱ አባባል ትዝ አለው፤ አባባሉ ግን ለዚህ አልሠራም፣ ይህን እሱ ነው የሠራው እንጂ በራሱ የመጣ አይደለም። ተነስቶ ከጓሮ አራት ቁራጭ ፌሮና መዶሻ በጆንያ ጠቅልሎ ወጣ።

ሜዳው ከወትሮው ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ በረጅም ቀሚስ ላይ የልጆቻቸውን ቲሸርት፣ አንዳንዶቹ የባሎቻቸውን ቱታ ደርበው፣ በአራት ረድፍ ቆመው እጃቸውን ያወጣሉ ያወርዳሉ። ለጢፋ ፊት መስመር ላይ ናት፤ የልጇን ሸራ ጫማ አድርጋለች፣ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፣ ፊቷ በርቷል። ቲጃኒ ግን ዓይኑ በቀጥታ ወደ ጎሉ ሄደ። ሁለቱን ቋሚዎች ይዞ አንድ ትልቅ ባነር ተወጥሮበታል፤ «ስፖርት ለጤና፣ ጤና ለሁሉም» ይላል። ነፋሱ ሲመጣ ባነሩ እንደ ሸራ ሆዱን ይነፋል፤ ሲነፋም አግዳሚው በትንሹ፣ ሌላ ሰው በማያስተውለው መጠን፣ ወደ ፊት ይሰግዳል። ጆንያ አሸዋ የለም። ፌሮ የለም።

ከስፖርት ጽሕፈት ቤቱ የመጣው የዕለቱ አስተባባሪ ኩመራ ፊሽካ በአንገቱ አድርጎ ከወዲያ ወዲህ ይሮጣል። ወጣት ነው፤ ከቲጃኒ ጋር በሥራ ይተዋወቃሉ፣ ሰው ያከብራል። እንኳን መጡ ጋሼ፣ እርስዎም ሊሮጡ ነው ወይ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው። ቲጃኒ ባነሩ ቢወርድ ጥሩ ነው፣ እኔም እግሩን በእነዚህ ቶሎ ልቸንክረው አለው። ኩመራ ጆንያውን አየ፣ ሰዓቱን አየ። እንግዶች በመንገድ ላይ ናቸው፤ ሰው መሃል መዶሻ ቢመታ ሴቶቹ ይደነግጣሉ፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ይደረስበታል አለው።

«ጋሼ፣ ይኼ ብረት እኮ ሁለት ክረምት ቆሟል።»

አሰንዳቦ የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበር የጎደለችው። ቲጃኒ አፉን ከፈተ፤ የሾፌሩ ድምፅ መጣበት፣ ሰውየውን እየፈለጉት ነው የሚለው። «ለጥንቃቄ ያህል ነው» አለ። ኩመራም ቶሌ፣ እሺ፣ ኢንሻአላህ ምንም አይሆንም ብሎት ወደ ማይኩ ሮጠ።

ቲጃኒ በሜዳው ዳር ዞሮ ከባነሩ ጀርባ ገባና የጎሉ የኋላ እግር ላይ ተቀመጠ። ሌላ ሊያደርግ የሚችለው አልነበረም። ሰባ ሁለት ኪሎ ነው፤ የቆረጣትን ሰባ ሳንቲም በሰውነቱ ሊተካት ነው። በሁለት እጁ ብረቱን ይዞ እግሮቹን ጭቃው ውስጥ ተከላቸው። ነፋስ በመጣ ቁጥር ብረቱ ከሥሩ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ከዚያ ይመለሳል፤ በጭኑ በኩል ልክ የሚተነፍስ ከብት ላይ እንደተቀመጠ ይሰማዋል። ባነሩ ስለጋረደው ከፊት ያለውን አያይም። የሚያየው ከባነሩ ሥር የሚታዩትን ጫማዎች ብቻ ነው። ነጠላ ጫማ፣ ሸራ፣ ቦት፣ አንድ ኮንጎ። አላህን ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ጠየቀው። ሠላሳ ደቂቃ ጸጥ ያለ አየር፣ ከዚያ ሰው ሲበተን እኔ እዚህ ቀርቼ ሁሉንም አስተካክላለሁ፣ ማንም ሳያውቅ።

የኩመራ ድምፅ በሞንታርቦው መጣ። እናቶች ሁሉ ለፎቶ ከባነሩ ሥር እንዲቆሙ፣ ትልልቆቹ መሃል እንዲሆኑ ጠየቀ። ጫማዎቹ ወደ እሱ መምጣት ጀመሩ። መጡ፣ ተጠጋጉ፣ ተገፋፉ፤ የለጢፋን ሳቅ ከአንድ ክንድ ርቀት ሰማው፣ ከአጠገቧ የፈድሊያን ድምፅ ለየው። አርባ አራት ሴት ከአግዳሚው ሥር ቆመ። ከዚያ አንዷ ይዛት የመጣች ትንሽ ሴት ልጅ የተንጠለጠለውን የባነር ገመድ ይዛ ጎተተች። ቲጃኒ የተቀመጠበት ብረት ከመሬት አንድ ጣት ተነሳ።

«ሩፈይዳ» አለ። ሞንታርቦው ድምፁን ዋጠው። ደገመው። «ሩፈይዳ።»

ልጁ ባነሩን ዞራ መጣች። አባቷን በጭቃ ላይ፣ ብረት በሁለት እጁ አንቆ፣ ፊቱ አመድ መስሎ አየችው። መጀመሪያ የታመመ መስሏት ጎንበስ አለች።

«ሴቶቹን ከጎሉ ሥር አውጪ» አላት። «ይኼን ብረት የሠራሁት እኔ ነኝ። አሰንዳቦ ልጅ ላይ የወደቀውንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ሊወድቅ ነው።»

አንድ ጊዜ አየችው። ያንን አስተያየት ቲጃኒ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። ጥያቄም ቁጣም አልነበረበትም፤ ያደገችበትን ቤት ከውጭ እንደምታይ ሰው ነበር ያየችው። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ፊት ሄደች፤ ሳትጮህ፣ ሳትሮጥ፣ እጇን ሁለቴ አጨብጭባ፣ ፎቶው ሜዳው መሃል ነው እናቶች፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንሂድ አለች። የልጅቷን ገመድ ከእጇ ቀስ ብላ አስለቀቀቻት። ጫማዎቹ አንድ በአንድ ከባነሩ ሥር ጠፉ። የመጨረሻዎቹ የለጢፋ ነበሩ፤ ጉልበቷ ስለሚያማት ትዘገያለች። ቲጃኒ እስክትርቅ ድረስ ከብረቱ ላይ አልተነሳም።

ኩመራ ተቆጥቶ መጣ፤ ምን ተፈጠረ፣ ማን ነው ያዘዘው አለ። ቲጃኒ ተነሳ። ጎሉ አልወደቀም። ኩመራ ጎሉን አየ፣ እሱን አየ፤ ነገሩ ሁሉ የሽማግሌ ፍርሃት መስሎት ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ቲጃኒ ራቅ በል አለው። ራሱም ወደ ጎን ወጣ ብሎ የባነሩን ገመድ በአንድ እጁ ያዘና ጎተተ። ብዙ ኃይል አልጠየቀም። ብረቱ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ ባነሩን እንደለበሰ ወደ ፊት መጣ። ሲያርፍ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ደነገጠ፤ አግዳሚው እርጥቡን ሣር ቀዶ ስንዝር ያህል ገባ። ሴቶቹ የቆሙበት የጫማ ዱካ ላይ ነው የገባው። ሞንታርቦው ብቻውን ሲዘፍን ቆየና አንድ ሰው አጠፋው።

ከዚያ ቲጃኒ ሁሉም እየሰሙት ለልጁ የነገራትን ደገመው፤ ስለ ተቆረጠው ሰባ ሳንቲምም ተናገረ። የሰደበው የለም። አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን አቅፈው ወደ ቤት መሄድ ጀመሩ፤ አንዷ፣ እኔ መጀመሪያም ብዬ ነበር፣ ሜዳ የእኛ ቦታ አይደለም እያለች ታለቅሳለች። ሩፈይዳ መሃል ላይ ቆማ የሦስት ሳምንት ሥራዋ ሲበተን ታያለች። ቲጃኒ ይህንንም እኔ ነኝ ያደረግሁት ብሎ አንገቱን ደፋ። ሳትሄድ የቆመችው ለጢፋ ነበረች። የወደቀውን ብረት ዞራ በደንብ አየችው፣ በእግሯ ነካችው፣ ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«እኔ ስኳሬ ሜዳ አይመርጥም» አለች። «በመንገዱ እንሂድ። መንገድ አይወድቅብንም።»

ሁሉም አልቆዩም። ሃያ የሚሆኑት ግን ተሰለፉ፤ ሩፈይዳ ከፊታቸው ሆና በአስፋልቱ ዳር ወደ ሄርማታ አቅጣጫ ወሰደቻቸው። ወደ አባቷ ዞራ አላየችም።

ኩመራና ቲጃኒ በሜዳው ሌላኛው ጫፍ ያለውንም ጎል አጋደሙት። ኩመራ፣ የማስረከቢያው ወረቀት ላይ የኔም ፊርማ አለበት ጋሼ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ባይናገሩት አለ። ቲጃኒ ፖሊስ ቢጠይቅህ ብየዳ ቤት አለሁ በላቸው፣ አሁን ግን ሆስፒታል ልሄድ ነው ብሎት ወደ መንገዱ ወጣ። ባጃጅ ሲያስቆም ፈድሊያ ሳትጠራ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። መርካቶ በር ላይ ባጃጁን አስቁማ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዛች፤ ኪሎው መቶ ሰማንያ ብር ሆኗል፣ አልተከራከረችም። እንደገና ሲነሱ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፊቷ ያለውን የሾፌሩን ማጅራት እያየች ተናገረች።

«የልጅህን ጫማ ቆለፍክ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሳይህ ግን ዝም አልከኝ።»

ባጃጁ ሆስፒታሉ በር ላይ ሲቆም ፌስታሉን ተቀብሏት ወረደ።

ልጅቷን ማግኘት አላስቸገረም፤ ጎል የወደቀባት የአሰንዳቦዋ ልጅ ሲሉ ዘበኛው ሳይቀር ያውቃታል። ፊርዶስ ትባላለች። ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል፣ እግሯ ተሰቅሎ ከጫፉ ክብደት ተንጠልጥሎበት ትተኛለች። ፊቷ ትንሽ ነው፣ ከንፈሯ ደርቋል። ቲጃኒ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሲያጣ የአልጋውን ብረት ብየዳ እንደሚመረምር ሰው ቆመ። አባቷ ገላና ከአልጋው ሥር በተነጠፈች ፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ጥፍሮቹ ውስጥ የቡና ማሳው አፈር ገና አለ። ሊጠይቁ የመጡ ደጋግ ሰዎች መስለውት ተነስቶ ምንጣፉን ለቀቀላቸው፣ ብርቱካኑን በሁለት እጁ ተቀብሎ በኦሮምኛ መረቃቸው። የዳሌዋ ቀዶ ሕክምና ደህና መሆኑን፣ ትራመድ አትራመድ እንደሆነ ግን ሐኪሞቹ ገና እንዳልነገሩት አጫወታቸው። ቲጃኒ ምንጣፉ ላይ አልተቀመጠም።

«ኦቦ ገላና» አለ። «ብረቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። እግሩን አሳጥሬዋለሁ። ለዚያ ነው የወደቀው።»

ገላና ብርቱካኑን እንደያዘ ቆመ። አጠገባቸው ያለችው አስታማሚ ማንኪያዋን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። ፊርዶስ ራሷን ወደ እነሱ አዞረች። ቲጃኒ ጥፊ ጠበቀ፣ እርግማን ጠበቀ፣ የተሰበሰበ ሰው ጠበቀ፤ ቢመጣለት ይቀለው ነበር። ሰውየው ፌስታሉን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ፊቱን በእጁ መዳፍ ጠራረገ።

«ስንት ነው እንዲህ ያለ የሠራኸው?»

«የስድስት ሜዳ።»

«የት የት?»

ቲጃኒ መናገር ጀመረ። አሰንዳቦ አለ፣ ቦሳ ኪቶ አለ፣ ዛሬ ጠዋት አጋደምናቸው አለ። ከዚያ ሰርቦ አለ። አጋሮ። ሰቃ። ሸቤ። እየጠራቸው ሲሄድ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። ከትናንት ጀምሮ የፈራው አንዱ ልጁን ስለሚነካ፣ ሌላኛው እሱን ስለሚያስይዝ ብቻ ነበር። አራቱን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰባቸውም።

«ዛሬ እሑድ ነው» አለ ገላና። «ልጅ ሁሉ ሜዳ ላይ ነው። ታዲያ አንተ እዚህ እኔ ፊት ቆመህ ምን ታደርጋለህ?»

ይቅር አላለውም፤ ተቀመጥም አላለውም። ከኮቱ ኪስ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ አወጣና ወደ ሰርቦ፣ ወደ አጎቱ ልጅ ደወለ። በኦሮምኛ ቶሎ ቶሎ ሲናገር ሜዳ፣ ልጆች፣ ብረት የሚሉትን ቃላት ቲጃኒ ሰማ። ፈድሊያ በክንዱ ነካችው። እየሮጡ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ሰቃ ያለውን ደንበኛውን እሷ በሱ ሁለተኛ ስልክ ፈልጋ ደወለችለት፣ ቀጥሎም ወደ ሸቤ፤ እሱ የአጋሮውን ስም ፈልጎ አገኘ፤ ጎሎቹን የተረከበው ሙኒር የሚባል የስፖርት መምህር ነው። ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠርቶ ተቋረጠ። በኮሪደሩ መስኮት በኩል የግቢው ባሕር ዛፎች ጫፋቸው ወደ አንድ ወገን ተኝቶ ይታያል። እንደገና ደወለ። በስድስተኛው ጥሪ ተነሳ፤ ሄሎ አለ ሙኒር፣ ከድምፁ ጀርባ ኳስ ሲመታ፣ ነፋስ ሲያፏጭ፣ ብዙ ልጆች በአንድ ላይ ሲስቁ ይሰማል።

«ሙኒር» አለ ቲጃኒ፣ «ስልኩን አትዝጋው። አሁኑኑ ወደ ጎሉ ሂድ።»